የሜሮን አባቴ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ኩታ ጥለት የሚሆን ቀይ ክር ፍለጋ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቼ ከአንድ የአረብ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ክሩን ሲፈልግ ከመደርደሪያው ጥግ ያለች ብልቃጥ በእጁ ነካ፤ ክዳኗ ላልቶ ኖሮ ሽታው ወጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። በለሳን ነው። በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው ያሸተትኩት፣ እሱም በገዛ ግንባሬ ላይ፤ ግን ወዲያው አወቅሁት። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ይቀመጡ እንጂ» አለኝ ባለሱቁ። «ምንም አልሆንኩም፤ እሷን ክደናት» ብዬው ክሩን ሳልገዛ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ምራቴ «ክሩስ?» አለችኝ። «ተወደደ» አልኳት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ለምራት መዋሸት ተጨመረብኝ።

ለነገሩ ተወደደ ማለቴ ሐሰት ብቻ አይደለም። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከክፉ ቀን በፊት፣ ከብቱ ሳያልቅ፣ ሰውም ሰውን ሳይሸሽ፣ ቀይ ክር የምናገኘው ከአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ክር ሆኖም አይመጣም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ጨርቅ ይገዛና እኛ ሸማኔዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ክር በክር እንተረትረዋለን። አንድ አሞሌ ጨው ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ለሁለት ኩታ ጥለት የሚበቃ ጨርቅ ገዝቶ፣ በተረፈው ማር ልሶ ይመለስ ነበር። ዛሬ ብሩ ኪስ ይቀዳል እንጂ የሚገዛው ነገር የለም። ልብሱስ ቢሆን? ያን ጊዜ ሰው ኩታውን ሲያጣፋ ወዴት እንደሚሄድ ከአጣፋፉ ታውቃለህ፤ ለልቅሶ እንዲህ፣ ለዳኛ ፊት እንዲህ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዲያ። የአሁኖቹ ኮት ይደርቡና ለልቅሶም ያው፣ ለሠርግም ያው።

የእኛ መንደር ከአንኮበር ወረድ ብሎ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የቆላው ጉም እየወጣ ደጃፉን የሚዘጋበት ቁልቁለት ላይ። እዚያ ካቶሊክ የሆኑ የፈረንጅ ቄሶች ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር። ዛሬ ብትሄድ የምታገኘው ገብስ ነው፤ አራሹ ድንጋዩን ለቅሞ ካብ ሠርቶበታል። አባቴ ለመቅደሱ መጋረጃ ሊሸምን ገብቶ፣ መጋረጃውን ሲጨርስ ሃይማኖቱንም ይዞ ቀረ፤ እኔም በአርባ ቀኔ በእነሱ እጅ ተጠመቅሁ። ጎረቤቱ «ጸረ ማርያም» እያለ ይሰድበን ነበር። እኛ ደግሞ ማርያምን ከእነሱ አብልጠን እንዘምርላት ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል። ከሁሉ የሚያስገርማቸው የቁርባኑ ኅብስት ነበር። ሊጡ ሳይቦካ በብረት መቆንጠጫ ተጠብሶ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ሲወጣ አይተው፣ «ጌታን በቂጣ?» እያሉ ይሳለቃሉ። ቄሳችን ረጅም ጢም ያላቸው፣ ወገባቸውን በገመድ የታጠቁ፣ ስማቸው ለአፍ የማይመች ሰው ነበሩ። አገሩ ሁሉ አባ ገመዶ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለምደውት «አቤት» ይላሉ። አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርግ ነበር እንጂ ልባቸው ንጹሕ ነበር።

ትምህርቱን የሚያስተምረን ግን ደብተራ ኪዳኔ የሚባል ምላሰኛ ነበር። ከግራር ሥር ደርድሮን «ምሥጢራት ስንት ናቸው?» ይላል። «ሰባት ናቸው» እንላለን በአንድ ድምፅ። ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነት፣ ተክሊል። ተክሊል ላይ ስንደርስ እኔ ድምፄ ከፍ ይል ነበር መሰለኝ፣ «አንተ ሸማኔ፣ ስድስቱን አንጎራጉረህ ሰባተኛውን የምትጮኸው ለማን ነው?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አስካለ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አስካለ የአያ ተክሌ ልጅ ናት። አያ ተክሌ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን መሬት የሚያርሱ፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። የዛሬ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም፤ ያን ጊዜ ገበሬው የሸመንነውን ይለብሳል፣ ልጁን ግን አይድርልንም። አስካለ ፈትል ትፈትላለች፤ የፈተለችውን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ከሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ሆኜ ቀና ብዬ እቀበላታለሁ። ከሃያ ሴት ፈትል መሃል የእሷን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀው ነበር፤ አንድ ቦታ አይወፍር፣ አንድ ቦታ አይሳሳ። ለአባቷ ጋቢ የሚሆነውን ድር ሆን ብዬ አዘገየሁት፣ ተመላልሳ ትጠይቀኝ ብዬ። በሦስተኛው ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆማ ከጓደኞቿ ጋር እንዲህ ብላ ዘፈነችብኝ፦

ቀጥኖ የተፈተለ አይበጠስም ድሩ፣
ሸማኔው ዘገየ፣ ምን ይሆን ነገሩ።

ከዚያ ወዲያ በእጄ ያለው መወርወሪያ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ጠፋኝ። በቃ፣ ያቺን ልጅ ካላገባሁ መኖሬ ለምኔ ነው አልኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የኑዛዜውን ነገር ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። በአገራችን ሰው ሁሉ የነፍስ አባት አለው፤ ቤትህ መጥቶ መደብህ ላይ ተቀምጦ ጠላህን እየጠጣ፣ ሳትነግረው ያውቅብሃል። አባ ገመዶ ግን ከቀርከሃ የተሠራ ወንፊት የመሰለ ነገር አቁመው፣ ከወዲያ እሳቸው ከወዲህ አንተ ተንበርክከህ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ ነው። ወረፋዬ ደርሶ «አባ፣ ቅዳሴ ላይ አንዲት ልጅ አያለሁ» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ?» አሉኝ። ምኑን ልቁጠረው? ከቅዳሴው መግቢያ እስከ ማሰናበቻው ነው። «ስሟን ልንገርዎት?» ብላቸው «አይሆንም፣ ስም አይነገርም፤ ኃጢአትህን ብቻ» አሉ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ጳጳሱ ከሐረር በኩል ሊመጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። በፈረንጆቹ ዘንድ ሜሮን የሚቀባው ጳጳስ ነው፤ ጳጳስ ደግሞ ስንት ዘመን አንዴ ነው የሚታየው። ደብተራ ኪዳኔ ሰብስቦን «እያንዳንዳችሁ ለሜሮን የሚቆምላችሁ ሰው ፈልጉ። የክርስትና አባታችሁ አይሁን፤ ሌላ ይሁን» አለን። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የተወለደው። በአገሩ ሥርዓት ሕፃን ሲጠመቅ ሜሮኑም አብሮ ይቀባል፤ የክርስትና አባት አንድ ነው፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ለሜሮን ብቻ የሚቆም ሰው በአባት በአያቶቻችን ታይቶ አያውቅም። እኔ ለገበያ እንደሚጠራ ዋስ ቆጠርኩት፤ አንድ ቀን ይቆምልሃል፣ ማግሥቱን ታመሰግነዋለህ። ስለዚህ አሰብኩ። የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ በሽማግሌ በኩል ብገባ አያ ተክሌ ቤት በሩ ሳይከፈት ሊመልሱኝ ይችላሉ፤ ለሜሮን ቁሙልኝ ብዬ ብገባ ግን ማን ይከለክለኛል? መጀመሪያ ይወቁኝ፣ ይልመዱኝ፤ ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እኮ ነው።

ስሄድ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። «አያ ተክሌ፣ ልለምንዎ መጥቼ ነው» አልኳቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡ። ቤት ውስጥ የነበረው የሰው ድምፅም ቆመ። «ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ፊታቸው ፈካ ያለ መሰለኝ። «ለሜሮን እንዲቆሙልኝ» አልኩ። የተጠረበውን እንጨት በእጃቸው ዳሰሱ። «እኔ? ከዚህ ሁሉ ሰው?» «አዎ፣ እርስዎን ነው የመረጥኩት።» «አስበህበታል?» «ሌሊትም ቀንም ሳስበው ነው የከረምኩ።» መጥረቢያቸውን መልሰው አነሡ። «እንግዲህ ምን ይባላል፤ ከሆነማ ደስ ይለኛል» አሉ። አስካለ ጠላ ይዛ ወጣች፤ ቀዳችልኝ፤ አላየችኝም። አፍራ ነው አልኩ። ቁልቁለቱን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው።

ጳጳሱ በበቅሎ መጡ፤ የደረቁ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ዕለት የለበስኩትን ኩታ ራሴ ነበርኩ የሸመንኩት፤ ጥለቱ ከዚያ ከተተረተረው ቀይ ጨርቅ ነው። ወንዱ በቀኝ ሴቱ በግራ ቆመን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ ስላልቀመስን አንዳንዱ ይንገዳገዳል። በፈረንጆቹ ሥርዓት የሚቀባው ሰው እግሩን በቆመለት ሰው እግር ላይ ያሳርፋል። የአዛውንት እግር እንዴት ይረገጣል ብዬ ብፈራ፣ አያ ተክሌ «እርገጥ፣ አይዞህ» አሉኝ በሹክሹክታ። እግራቸው የአራሽ እግር ነው፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ። ጳጳሱ በለሳን ባለበት ዘይት ግንባሬን በመስቀል ምልክት ቀቡኝ፤ ሽታው እስከ ማጅራቴ ገባ። ከዚያ ጉንጬን መታ አደረጉኝ፤ ለእምነትህ መከራን ቻል ማለት ነው ተብለን ተምረናል። ቀጥሎም ቆረብኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ስለ አስካለም አላሰብኩም፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ አሁንም ያምረኛል።

ዋናው ጥፊ የመጣው ውጭ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ እንደወጣን የአስካለ እናት መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ግራ ቀኝ ስማ «ልጄ» አለችኝ። የደብተራ ኪዳኔ ሚስት እልል አለችና «ወንድም አልነበራት፤ ይኸው አስካለ ወንድም አገኘች» አለች። ሰው ሁሉ ተቀበላት። አንዱ «እንኳን ደስ ያለሽ»፣ አንዱ «እህትህን ሳማት እንጂ» ይላል። አስካለ ወደ እኔ መጣች፤ ጉንጯን ሰጠችኝ፤ ሳምኳት። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። የክርስትና አባትህ ልጅ እህትህ ናት፤ ይህን በአገራችን ሕፃንም ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የሜሮኑም እንደዚያው መሆኑ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ አልመጣም። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

በማግሥቱ ደብተራ ኪዳኔ ቤት ሄድኩ። «የኔታ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ፤ አስካለን ይጠይቁልኝ» አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። «ለማን?» «ለእኔ።» «ወንድም ለእህት? አፌስ ይችላል?» «ሜሮን እኮ ነው የኔታ፣ ጥምቀት አይደለም።» «ዘይቱ ከውሃው ያንሳል ነው የምትለኝ? ሂድ፤ ይህን ቃል ሌላ ሰው ፊት እንዳትደግመው» ብሎ አስወጣኝ። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድኩ፤ ጉዳዩን ጀመር ሳደርግ ወሬ ለወጡብኝ። ግራ ሲገባኝ አባ ገመዶ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሁን ስሟንም ጭምር። ወፍራም መጽሐፍ አውጥተው፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እየሳቡ ረጅም ጊዜ አነበቡ። «ልጁ አይከለከልም» አሉኝ በመጨረሻ። «የቆመልህን ሰው ነው መጽሐፉ የሚከለክለው፤ የእሱ ልጅ ግን ነጻ ነው። አያ ተክሌን አምጣው፤ እኔ አነብለታለሁ።» እጃቸውን ሳምኩ፤ ገመዳቸውንም ሳምኩ፤ አቀበቱን ወጣሁት።

አያ ተክሌ ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ አራት በቅሎ ታስሯል። ሊጠሩኝ ሰው ልከው ኖሯል፤ መንገድ ላይ ተላልፈናል። «እሰይ፣ መጣህልኝ። ግባ፤ የቤት ልጅ እንደ እንግዳ ደጅ አይቆምም» ብለው ክንዴን ይዘው አስገቡኝ፤ ከአጠገባቸውም አስቀመጡኝ። ፊት ለፊት ያሉት ከእነዋሪ አገር የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሃይማኖታችንን የያዘ፣ ስንዴው በጎተራ የማያልቅበት ቤት ነው የላካቸው። አስካለን ሊጠይቁ መጥተዋል። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ በወጉ ተናገረ፤ አያ ተክሌም በወጉ መለሱ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ «ወንድምየው እዚህ አለ አሉን። የወንድምስ ፈቃድ?» አለ። አያ ተክሌ ዞረው አዩኝ፤ ቀስ ብለው ነው ያዩኝ። አስካለ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ናት፤ መጋረጃውን የሸመንኩት እኔ ነኝ፤ ወዲያና ወዲህ ሲል አየዋለሁ። የአባ ገመዶ መጽሐፍ ይፈቅዳል፤ ግን መጽሐፉ ቁልቁለቱ ሥር ነው ያለው። እኔ ደግሞ ከአራት ሽማግሌ ፊት ነኝ። «እህቴን ለእኔ ስጡኝ» ልበል? «አባቴ ካሉ እኔ ምን እላለሁ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። መጋረጃው መወዛወዙን ተወ።

ለአባ ገመዶ «አልመጣም አሉ» ብዬ ዋሸኋቸው። ፈረንጆቹም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ከቤተ መንግሥት ቁጣ መጣ ተባለ፤ እቃቸውን በአህያ ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ እስከ ወንዙ ሸኘናቸው። ከዚያ ክፉው ቀን ደረሰ። ያን ዘመን አልተርክም፤ ያየ ያውቀዋል። አያ ተክሌ በዚያ ጊዜ ሲሞቱ መቃብራቸውን በእጄ ቆፍሬ ቀበርኳቸው፤ ቀባሪ በጠፋበት ቀን። ከወለደኝ አባቴ ቀጥሎ እንደ እሳቸው ያለ አባት አልነበረኝም፤ ይህንንም አልክድም። እኔም ሚስት አገባሁ፤ ነፍሷን ይማርና ደግ ሴት ነበረች፤ ልጆች ወለድን። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ግን በጫጫ በኩል ዞሬ እነዋሪ እወርዳለሁ። ወንድም እህቱን ይጠይቃል፤ ማን ምን ይላል? ባሏ «አማቼ መጣ» ብሎ በግ ያርድልኛል፤ ልጆቿ አጎቴ ይሉኛል። እኔ «እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ» እላለሁ፤ እሷ «ወንድሜ፣ እንደምን አለህ» ትላለች። እንዲህ እያልን ጠጉራችን ነጣ።

ባሏ ከሞተ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ፋሲካ ብሄድ፣ ልጆቿ ውጭ ነበሩ፤ ፀሐይ ላይ ለብቻችን ተቀመጥን። እጇ መፍተል አቁሞ ነበር፤ ጣቶቿ ቆላልፈዋል። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣ» አለችኝ። «እኔ መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?» አልኳት። «አባቴን ለሜሮን ቁሙልኝ ያልከው፣ እኔን ላለማግባት ነው?»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አልኳት።

«ማንም አላለኝ። የቤታችን ሰው ሁሉ የገባው እንደዚያ ነው። አባቴ የሁለታችንን ነገር አውቆ ነበር፤ ሸማኔ ቢሆንስ፣ ሽማግሌ ይላክ እንጂ እሰጠዋለሁ ብሎ ለእናቴ ነግሯት ነበር። ያን ቀን ልለምንዎ ብለህ ስትመጣ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ልጅ ልሁን አልክ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልፈልጋትም ማለት አፍሮ በክብር መለሰን አሉ። እኔም አመንኩ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ እንኳ ድምፅህ ሳይሰበር ነው የሰጠኸኝ።»

ነገርኳት። ስለ ዋሱ፣ ስለ ብልጠቴ፣ ስለ ደብተራ ኪዳኔ፣ ስለ አባ ገመዶ መጽሐፍ፣ እስከ በቅሎዎቹ ድረስ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ «ጅል» አለችኝ። «ጅል ነበርኩ» አልኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ደግሞ ሳቀች፤ ደግሞ ጠረገች። «እንኳን ሳልሞት ሰማሁት። ከእንግዲህ እህቴ አትበለኝ» አለች። «ታዲያ ምን ልበልሽ?» ብላት «ስም አለኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች። ሁለት ፋሲካ ሄጄ፣ ሰው ሳይሰማ፣ በስሟ ጠራኋት።

ባለፈው ዓመት መርዶው ሲደርሰኝ ልጄ አጋሰስ ላይ አስቀምጦ እነዋሪ አደረሰኝ። ልቅሶው ላይ ሰው ገለል ገለል እያለ «ወንድም መጣ፤ ለወንድም መንገድ ስጡ» አለ። ከሬሳው አጠገብ አቆሙኝ። አልቃሿ ግጥሟን አወረደችና፣ እህቴ ብዬ እንድቀበላት ድምፅዋን ገታ አደረገች። ሰው ሁሉ ጠበቀኝ። «አስካለ» አልኩ። ደግሜ «አስካለ» አልኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ ለጓደኛው «ይኼ ሽማግሌ እህቱን እንደ ሚስት ነው የሚያለቅሳት» ሲለው ሰማሁ። አልዞርኩም፤ ስሟን ጠራሁ።